ከምርጫ ሽንፈት በኋላ የሴት አስተባባሪዎች መዛል፦ ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ምን ይወሰዳል?

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ናችሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ለተውጣጡ 25 ያህል ሴቶች የግማሽ ቀን ውይይት እየተሰናዳ ነው። ገሚሶቹ ቅሬ (የወሎ ዕድር) የሚያስተባብሩ ናቸው። የቀሩት ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱ፣ የመራጮች ትምህርት የሚሰጡ፣ የእጩ ወኪል ሆነው ጣቢያ ላይ የሚያመሹ ናቸው። መነጋገሪያው አንድ ነገር ነው፦ የደገፉት ወገን ሲሸነፍ ሥራው በማግስቱ ለምን ይበተናል? ሸክሙስ ለምን ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት አራት ሴቶች ጫንቃ ላይ ያርፋል?

ለመነሻ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ካማላ ሃሪስ ከተሸነፉ በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች «በቃን፣ እናርፋለን» ያሉትን ማንሳት ታስቧል። በሁለት ነገር አግዙኝ። አንደኛ፣ ነገሩ በትክክል ምን ነበር? ትግሉን መተው ነው ወይስ ሌላ? ሁለተኛ፣ ከሽንፈት በኋላ ባለው አንድ ወር ውስጥ ቡድኑ በተግባር ምን ይሥራ? ማን ለማን ምን ያስረክባል፣ ምን ይጻፋል፣ የቱ ጋ ይበላሻል? «ራስሽን ውደጂ፣ ውሃ ጠጪ» የሚለውን ግን አደራ፤ እሱ በየስልኩ ሞልቷል።

ሐይቅ ዳር

እታለም፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ። «እናርፋለን» ያሉት ከምን ዓይነት ሩጫ በኋላ እንደሆነ ካልተነገረ ተሳታፊዎቹ ስንፍና ይመስላቸዋል።

ፕሬዚዳንት ባይደን ከውድድሩ የወጡት ጁላይ 21 ቀን 2024 ነው። በዚያው ምሽት «ዊን ዊዝ ብላክ ዊሜን» የተባለው ስብስብ በዙም ሲሰበሰብ 44,000 ያህል ሰው ገባ፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣ። ከዚያ እስከ ኖቬምበር 5 የነበረው የሃሪስ ዘመቻ 107 ቀን ብቻ ነው። ሌላው እጩ በዓመትና በሁለት ዓመት የሚያደርገውን በሦስት ወር ተኩል ማለት ነው። በወኪል መራጮች ድምፅ (ኢሌክቶራል ኮሌጅ) ውጤቱ 312 ለ226 ሆነና ትራምፕ አሸነፉ። መራጩ ከድምፅ መስጫ ሲወጣ በተደረገው መጠይቅ ከአሥር ጥቁር ሴቶች ዘጠኙ ያህል ለሃሪስ ሰጥተዋል፤ «92 በመቶዎቹ» የሚለው መጠሪያ የመጣውም ከዚህ ነው። በዚያው መጠይቅ ከነጭ ሴቶች ከግማሽ በላዩ ትራምፕን መርጧል።

ያዛላቸው እንግዲህ ሽንፈቱ ብቻውን አይደለም። አጋር ያሉት ወገን በጓዳ በር መውጣቱ ነው። «እናርፋለን» ሲሉም የብዙዎቹ ነገር «የሌላውን ሰልፍ ከፊት ሆነን አንመራም፣ እናንተ የፈጠራችሁትን እናንተ ጥረጉት» ማለት ነበር። ኤፕሪል 5 ቀን 2025 በየከተማው ትራምፕን የሚቃወም ትልቅ ሰልፍ ሲጠራ ብዙ ጥቁር ሴቶች ቤታችን ነን ብለው በግልጽ ተናገሩ። የሰፈር ምርጫውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የማኅበሩን ሥራ ግን ብዙዎቹ አልጣሉም። ለይተው ነው ያስቀመጡት፤ የጣሉት ሸክም አለ፣ የያዙት አለ።

ለውይይታችሁ የበለጠ የሚሆነው ግን የፋኒ ሉ ሄመር ነገር ይመስለኛል። ሄመር በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ጥቁር የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ለመራጭነት ልመዝገብ ብለው ስለሄዱ ለ18 ዓመት ከሠሩበት እርሻ ተባረሩ፤ በ1963 ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ክፉኛ ተደበደቡ፣ ጉዳቱም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልለቀቃቸውም። በኦገስት 1964 ባልንጀሮቻቸውን ይዘው አትላንቲክ ሲቲ ወደተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ሄዱና የነጮች ብቻ የነበረውን የሚሲሲፒ ልዑክ እንተካ አሉ። የተሰጣቸው መልስ ሁለት ወንበር ነው። አንቀበልም ብለው ወጡ።

በቀጣዩ ወር ዘፋኙ ሃሪ ቤላፎንቴ ገንዘብ አሰባስቦ ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን የተማሪዎች አስተባባሪ ኮሚቴ (SNCC) 11 ሰዎች ወደ ጊኒ ላካቸው፤ ሄመርም አንዷ ነበሩ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆዩ። ሦስት ነገር አስተውሉ፦ ወጪውን የሸፈነው ሌላ ሰው ነው፣ የመመለሻው ቀን ተቆርጧል፣ ቦታው ደግሞ ማንም በሩን አንኳኩቶ «አንዴ ነይማ» ሊላቸው የማይችልበት ነው። ተመልሰው በ1965 የሚሲሲፒ ተመራጮች ኮንግረስ ውስጥ እንዳይቀመጡ የሚጠይቅ አቤቱታ ይዘው ቀረቡ፤ እሱም ውድቅ ሆነ። በ1969 ደግሞ ሄመር የኅብረት እርሻ አቋቋሙ። እርጉዝ አሳማ ለአንድ ቤተሰብ ተሰጥታ ከግልገሎቹ ከፊሉ ወደ ሌላው ቤተሰብ ይተላለፋል። (ለወሎ ውይይት አሳማዋን በበግ ተክታችሁ አውሩ።)

ይህን ሁሉ ስታወሩ ግን መጨረሻውን አትደብቁ። ሄመር በ1977 በ59 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የሦስት ሳምንት እረፍት የ15 ዓመት ሸክም አይመልስም።

ከቅርቡ ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቷን ፖለቲከኛ ስቴሲ ኤብራምስን ውሰዱ። በ2018 የአሜሪካዋን ጆርጂያ ግዛት ገዥነት በ55,000 ድምፅ ገደማ ተሸነፉ፤ የመራጮችን መብት የማስጠበቁን ሥራ ግን ከሳቸው እጩነት ነጥለው ድርጅት አደረጉት። በ2020 ባይደን ጆርጂያን ያሸነፉት በ11,779 ድምፅ ነው። ኤብራምስ በ2022 ራሳቸው ድጋሚ ተሸነፉ፤ ስለዚህ የአሸናፊ ተረት አድርጋችሁ አታቅርቡት።

አንድ ነገር ላክልና ልብቃ። ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ለኢትዮጵያ ፓርላማ ሲመረጡ ሄመር ለመራጭነት መመዝገብ እንኳ አልቻሉም ነበር። ያ በር በአዋጅ የተከፈተው በ1965 ነው። ተሳታፊዎቹ «አሜሪካ ሩቅ ነው» ሲሉ ይህን ጣል አድርጉ።

ደብተር ያዥ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልያዝ። ከምርጫ በኋላ የሚበተን ቡድን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው ችግር አንድ ነው፦ እረፍት ይባላል እንጂ ርክክብ የለም። ሳያስረክቡ መቅረት እረፍት አይሆንም፤ ስልኩ ስለማይቆም።

ከቀን 1 እስከ ቀን 3 ማንም ሥራ አይታዘዝም። ሁለት ሰዎች ብቻ በሥራ ላይ ይቆያሉ፤ እነሱም ከምርጫው በፊት ስማቸው የተጻፈ፣ ቅስቀሳ ላይ ያልነበሩ መሆን አለባቸው። ሥራቸው ሁለት ነው። አንደኛው በየጣቢያው የተለጠፈውን ውጤትና ወኪሎች የያዙትን ቅጂ መሰብሰብ፣ ጣቢያው ከነመለያ ቁጥሩ በፖስታ ላይ ተጽፎ። ሌላው አቤቱታ ካለ የማቅረቢያውን ቀን ከምርጫ ቦርድ መመሪያ ላይ አይቶ ማስመዝገብ። ይህ ቀን አጭር ነው፤ ሁሉም ሰው ደክሞ ሲተኛ ያልፍና ከዚያ በኋላ ቡድኑ እርስ በርሱ ሲካሰስ ይከርማል። ከድካሙ በላይ ሰው የሚያጣላው ይሄ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ዕቃና ዕዳ ይቆጠራል። ደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ዕቃው፣ ብዛቱ፣ ከማን የመጣ፣ የጎደለው፣ የሚመልሰው ሰው ከነቀኑ። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ጄነሬተር፤ 1፤ ከቅሬ በውሰት፤ የነዳጅ ክዳን የለውም፤ የሰኞ ገበያ ቡድን፣ እስከ ቅዳሜ»። ሞንታርቦው፣ ባነሩ፣ የፕላስቲክ ወንበሩ፣ የተረፈው ቲሸርት ሳይቀር ይግባ። ቀላል ይመስላል። ግን የተዋሰችው ሴት የቅሬው ወንበር ሦስት ጎድሎ ቤቷ ሲቀመጥ ለቅሶ በተነሳ ቁጥር ትሳቀቃለች። ሦስት ወንበር አንዲትን ሴት ከሰፈሯ ያርቃታል።

ገንዘብ ላይ የሚበላሸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ የጋራው ብር በአንዲት ሴት ቴሌብር ይገባል። ከሽንፈት በኋላ ያቺ ሴት ስልኳን ስታጠፋ ሰው ገንዘብ ይዛ ጠፋች ይላል። አስቀድሞ በሦስት ሰው ስም የባንክ ሒሳብ ከፍቶ ከሦስቱ በሁለቱ ፊርማ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ያ ካልተደረገ በመጀመሪያው ሳምንት የቴሌብሩ የገቢና ወጪ ዝርዝር ታይቶ፣ ከደረሰኙ ጋር ተመሳክሮ፣ ቀሪው ተቆጥሮ ሦስት ሰው ይፈርምበት። ደረሰኝ የሌለው የባጃጅና የሞባይል ካርድ ወጪ ለብቻው በአንድ ወረቀት ይጻፍ። ደረሰኝ አይገኝለትም፣ ግን መጠኑና ቀኑ ይገኛል።

ሁለተኛው ሳምንት የራሱ የርክክብ ነው። እያንዳንዷ ሴት የያዘችውን ሥራ በየራሱ ወረቀት ትጽፋለች፤ አንድ ሥራ አንድ ወረቀት። «ሁሉን ነገር» የሚል ወረቀት ተቀባይነት የለውም። ስልክ ደዋይ፣ ስም ዝርዝር ያዥ፣ ከቀበሌ ተነጋጋሪ፣ ከሚዲያ ተነጋጋሪ፣ ቡናና ምግብ አዘጋጅ፣ መኪና ፈላጊ፣ የተጣላ አስታራቂ፤ የመጨረሻው ሥራ ነው ብሎ የሚጽፈው ሰው የለም፣ ጊዜ የሚበላው ግን እሱ ነው። ወረቀቱ ሁሉ መሬት ላይ ሲዘረጋ የአንዲት ሴት ስም አራትና አምስት ቦታ ይገኛል። የቡድኑ መዛል ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሦስት ክምር ይሠራል፦ የሚተላለፍ፣ የሚቀንስ፣ ጭራሽ የሚቆም። የሚቆም ክምር ባዶ ከሆነ ርክክብ አልተደረገም፤ ሸክሙ ጀርባ ቀየረ እንጂ።

ለማን ይሰጥ? እዚህ ላይ «የተማረች ትምጣ» የሚባለው ነገር ያደናቅፋል። ጥቁር አሜሪካዊቷ መምህር ሴፕቲማ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1957 ደቡብ ካሮላይና፣ ጆንስ አይላንድ ላይ ጥቁሮች ለመራጭነት ለመመዝገብ የሚጠየቁትን ፈተና የሚያሳልፍ የንባብ ትምህርት ሲያስጀምሩ የመጀመሪያዋ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን ነበሩ፤ ሙያቸው ፀጉር ሠሪነት ነው። ትምህርቱ የሚሰጠው ከአንድ የኅብረት ሱቅ ጀርባ ነበር። ትምህርቱ ከዚያ ወደ ሌሎች ደቡባዊ ግዛቶች የተስፋፋው ሥራው ሌላ ሰው አንስቶ ሊሠራው በሚችል መጠን ስለተቆረሰ ነው።

አስረካቢዋ ለሦስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ትገኛለች፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከ9 እስከ 10 ሰዓት። ሰኞ አይሁን፣ ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ አትጠየቅም። የእረፍቱ ማብቂያ ቀንም ይጻፍ። «ለጊዜው ልረፍ» ተብሎ ቀን ካልተቆረጠ አንድም ከአራት ቀን በኋላ ትጎተታለች፣ አንድም ለዘለዓለሙ ትቀራለች።

የግምገማ ስብሰባው ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አይጠራ። በሁለተኛው ቀን የሚደረግ ግምገማ ጥፋተኛ ፍለጋ ነው የሚሆነው።

ተንታ ላይ

ደብተር ያዥ ጥሩ ብለሃል፣ ግን ወረቀት ዘርግቶ ከመቁጠር በፊት የገንዘቡን ነገር አንሱ። በዘመቻ ጊዜ ነዳጅና አበል ያለው ሥራ ወደ ወንዶች ይሄዳል፤ ቡናው፣ ድንኳኑ፣ ስልኩ፣ እንባ መጥረጉ ወደ ሴቶች። በነፃ የሚሠራ ሥራ በጀት ላይ አይታይም፣ ስለዚህ ሲቀነስም አይታወቅም። ቢያንስ ሦስት መስመር በበጀቱ ይግባ፦ የትራንስፖርት፣ የሞባይል ካርድና የልጅ ጠባቂ። ለዚህ ለግማሽ ቀኑ ውይይት ራሱ ልጅ የሚይዝ ሁለት ሰውና የተለየ ክፍል ካላዘጋጃችሁ፣ ከ25ቱ የሚመጡት ቀድሞም ያልደከሙት ብቻ ናቸው።

«ጀግና» የሚለውንም ቃል ተጠንቀቁ። መቅደላ ከኛ ቅርብ ናት። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ ገዥ በወርቂት ግዛት ሲያልፉ ወርቂት አሳለፏቸው፤ ቴዎድሮስ ደግሞ መያዣ የነበረውን የወርቂትን ልጅ ወደ ገደል አስወረወሩት። እኛ ዛሬ «የወሎዋ ጀግና ሴት» እያልን እንዘፍናለን። የከፈሉትን የሚቆጥር የለም። ሴትን «አንቺማ ብረት ነሽ» ማለት እንዳታርፍ ማሰር ነው። አሜሪካኖቹም የሚያማርሩት «ጠንካራዋ ጥቁር ሴት» የሚለውን ሙገሳ ነው።

እና ሐይቅ ዳር፣ ጭራሽ ትተው የወጡም አሉ። እንደ ጥፋት አታስመስሉት። የተወች ሴት ከዝርዝር ትውጣ፣ በክብር ትሸኝ፣ በቃ።

ነርስ ከሐርቡ

ከጤናው በኩል አጠር ላድርገው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን (በሥራ ጫና መዛልን) የገለጸው በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ብሎ ነው፤ ራሱን የቻለ በሽታ አላለውም። ሦስት መልክ አለው። ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ (ያቺ ለሰው ስትሮጥ የነበረች ሴት «እነሱ ምን ገዶኝ» ማለት ስትጀምር)፣ የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ የለውም የሚል ስሜት። የመጀመሪያው ብቻ ካለ እንቅልፍና ጥቂት ቀን ያስተካክለዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከተጨመሩ ግን እንቅልፍ አይበቃም፤ ሥራው ራሱ መቀየር አለበት። የደብተር ያዥ ወረቀቶች የሚጠቅሙት ለዚህ ነው።

አሜሪካዊቷ አርላይን ጄሮኒመስ በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ አለ፦ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ የመገፋት ጫና የጥቁር ሴቶችን ሰውነት ከዕድሜያቸው በፊት ያስረጀዋል የሚል። ዝናብና ፀሐይ ደጅ የዋለ እንጨት እንደሚበላ ማለት ነው። ጤና ላይ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ይህን ይዘው ነው ስለ ደም ግፊትና ስለ ወሊድ ችግር የሚያወሩት።

እዚህ አገር ግን አንድ ስህተት አለ። ድካም ሁሉ የልብ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሁለት ሳምንት የማይለቅ ድካም ያላት ሴት መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ ከተቻለም የእንቅርት ዕጢ ምርመራ ታድርግ። ደጋው ወሎ ውስጥ በአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት የኖረ ነገር ነው፤ የዕጢው ሥራ ሲቀንስ ደግሞ መዛል፣ ብርድ መጥላትና መርሳት ያመጣል፣ ሰውም «ከሽንፈቱ ወዲህ ተለወጠች» ይላል። በደም ማነስ ላይ ለሴት 12 የሚባለው የሄሞግሎቢን መለኪያ (ግራም በዴሲሊትር) በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ላለ ቦታ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል፣ መለኪያውም ከፍ ማለት አለበት። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የሚባለው ቁጥር ደሴ ላይ አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ለባለሙያው አንሱለት።

ጨጓራ ያላት ሴት በዘመቻ ሰሞን በባዶ ሆድ ሦስት አራት ጊዜ ቡና እየጠጣች፣ ማታ ስትተኛ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ከ9 ሰዓት በኋላ ቡናውን ማቆም ብቻ ብዙ ይለውጣል፤ ወሎዬን ቡና ተዪ ማለት ከባድ እንደሆነ እያወቅሁ ነው። አቦሉን ቀን ላይ ጠጡ፣ በረካውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለባት መቼ ነው? ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ልቧ ከወደቀ፣ የምትወደው ነገር ሁሉ ከጠላባት፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ ወይ «ብሞት ይሻለኛል» ካለች። የመጨረሻው ከተሰማ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን አብራችኋት ሂዱ፣ ብቻዋን አትተዋት። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከሐኪሙ በፊት ወይም በኋላ ጠበል ወይም ዱአ የምትፈልግም ትሂድ፤ አይጣሉም። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ ብቻ።

አባ ቅሬ

ልጆቼ፣ አብሽሩ። ስለ አሜሪካኖቹ ያላችሁትን አነበብኩ። እኔ የምለው ከሜዳችን ነው።

ቅሬ ለምን አይዝልም? ሰው በየሳምንቱ ይሞታል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እንጀራ ይጋገራል፤ ግን «ቅሬው ደከመው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተረኛ ስላለው ነው። የዚህ ወር ተረኛ የታወቀ ነው። ተረኛ የቀረ ይቀጣል፣ ተረኛ ያልሆነ ደግሞ ለቅሶ ደርሶ ይቀመጣል። የምርጫ ቡድኖቻችሁ ተረኛ የላቸውም፤ «የቻለ ይምጣ» ነው ሕጋቸው። የቻለ ይምጣ ሲባል የምትመጣው ሁልጊዜ ያቺው ናት። ለ25 ሴት፣ አምስት አምስት ሴት ያለባቸው አምስት ምድብ ይበቃል፤ አንዱ ምድብ በሥራ፣ አንዱ በተጠባባቂነት፣ ሦስቱ ቤታቸው። በየሁለት ሳምንቱ ይዙር።

ደብተር ያዥ ሦስት ቀን ማንም አይታዘዝ ያለው ትክክል ነው፤ እኛም ጋ የቆየ ነው። ለሙስሊሙ ተእዚያው ሦስት ቀን፣ ለክርስቲያኑም ሣልስት አለ። ሐዘንተኛ ምጣድ አይጥድም፣ ጎረቤት ነው የሚያበላው። የተሸነፈውም ቤት እንደዚያው ይደረግ። ስታስተባብር ለከረመች ሴት ሦስት ቀን ምሳ ይሂድላት፤ «እንዴት ሆነ፣ ስንት ድምፅ አገኛችሁ» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይሂድ።

ወዳጃም አለ። ዱበርቲዎቹ ተሰብስበው ቡናው ተፈልቶ፣ ዱአ ተደርጎ፣ ያዘነች አልቅሳ፣ የከፋት ተናግራ ትወጣለች። ክርስቲያኖቹም በጽዋቸው እንዲሁ። ግን ልለምናችሁ፣ ወዳጃውን ስብሰባ አታድርጉት። ቃለ ጉባኤ የተያዘበት፣ ፎቶ የተነሳበት፣ ለለጋሽ ሪፖርት የተላከበት ወዳጃ ወዳጃ አይደለም፤ በሚቀጥለው ማንም አይመጣም።

የቅሬን ወንበር ለምርጫ ማዋሱንም ባትለምዱት። ቅሬው የሁሉም ነው፤ የመረጠውም ያልመረጠውም የሚቀበረው በሱ ነው። አንዴ የአንዱ ወገን ነው ከተባለ ከሽንፈቱ በኋላ ሴቶቹ የሚያርፉበት ጥላ ይጠፋል።

ጦሳ ሥር (ጠያቂ)

አባ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። የተረኛውን ነገር የውይይቱ መነሻ አደርገዋለሁ፣ የሄመርን የጊኒ ጉዞ ደግሞ ማጣፈጫ። ተንታ ላይ፣ ልጅ ጠባቂ ተጨምሯል።

ደብተር ያዥ፣ አንድ የቀረ ነገር፦ የእነዚህ ቡድኖች ዝርዝር ሁሉ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ግሩፑን የከፈተችው ሴት ማረፍ ስትፈልግ ምን ታድርግ? ብትወጣ ይፈርሳል ብለው ይፈራሉ።

ደብተር ያዥ

አስተዳዳሪ ማድረግና ባለቤትነት ማስተላለፍ ይለያያል፤ ብዙዎች አስተዳዳሪ ጨምረው ያስተላለፉ ይመስላቸዋል። ባለቤትነት ለማስተላለፍ የባለቤቷ አካውንት ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ሊኖረው ይገባል፤ ያም ከተከፈተ ቢያንስ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት። የገባችበት ስልክም አዲስ ከሆነ 24 ሰዓት ትጠብቃለች። ስለዚህ በመውጫዋ ቀን ልሞክር ብትል እምቢ ይላታል። የይለፍ ቃሉን ከምርጫው በፊት ታብራ፣ በወረቀት ጽፋ ትያዝ። ከዚያ ተቀባይዋን መጀመሪያ አስተዳዳሪ ታድርጋት፣ መብቶቹን ሁሉ ትክፈትላት፤ ባለቤትነት አስተላልፍ የሚለው ከታች ይመጣል።

የስም ዝርዝሩ ግን ቴሌግራም ላይ ብቻ አይቅር። ስም፣ ሰፈር፣ ስልክና በየትኛው ምድብ እንዳለች ተጽፎ ሁለት ቅጂ፣ ሁለት የተለያየ ቤት። ወጥታ ማረፍ የምትፈልገውን ደግሞ ስሟን ከዝርዝሩ አትሰርዙ፤ አጠገቡ የመመለሻ ቀኗን ጻፉ፣ ያ ቀን ሳይደርስ የደወለላት ቡና ይጋብዛት። የምትመለሰው ወደ አንድ ሥራ ብቻ ነው። ሁለተኛ ወረቀት ብታነሳ ቀሟት።